ክሊራንስ (የመልቀቂያ ቅጽ) ከመሙላታችሁ በፊት፦ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ለሥራም ለቢዝነስም የሚሆን ድጋፍ እንዴት ይወሰዳል?

ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው፣ ግን ትልልቅ በር የሚከፍተው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የዲፓርትመንት ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ።

ይህን ደብዳቤ የያዘ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ወደ ሰው ኃይል ይመራዋል። ሰው ኃይሉ ወደ ምርት ክፍል ይልከዋል። እዚያ ያለው ኃላፊ "ምን ልርዳህ?" ይለዋል። ያው ልጅ ተመርቆ ያው በር ላይ ቢመጣ "ክፍት ቦታ የለም፣ ማስታወቂያ ተከታተል" ተብሎ ይመለሳል። እውቀቱ እንዲያውም ጨምሯል። የተለወጠው ነገር ተማሪ አለመሆኑ ብቻ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ለሚፈልግም፣ የራሱን ለሚጀምርም የሚሰጡት ድጋፍ አለ። ከዚህ ድጋፍ አብዛኛው የሚገኘው ግን ተማሪ እያላችሁ ነው። በአንድ ቢሮ ተጠቃሎ አልተቀመጠም፤ ፈልጓችሁም ዶርም ድረስ አይመጣም። የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚጠየቅ፣ ምን ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ ማወቅ የእናንተ ፈንታ ነው። የምጽፈው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላሉት ነው፤ በግል ኮሌጅ የምትማሩም አብዛኛውን ትጠቀሙበታላችሁ። የቢሮዎቹ ስም ከግቢ ግቢ ቢለያይም ሥራቸው ይመሳሰላል።

1. መጀመሪያ በሮቹን እወቋቸው

ክላስ የሌላችሁን አንድ ከሰዓት ምረጡና ግቢውን ዙሩ። የምትፈልጉት አምስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ነው። ብዙ ጊዜ በምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ሥር ነው የሚገኘው። ግቢው ከየትኞቹ ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች ጋር የመግባቢያ ሰነድ እንደተፈራረመ የሚያውቀው ይህ ቢሮ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ "በእኛ የትምህርት መስክ ስምምነት ያላችሁ ድርጅቶች የትኞቹ ናቸው?" ዝርዝሩን ጻፉት። በኋላ ለኢንተርንሺፕም፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክትም፣ ለመጀመሪያ ደንበኛም ይሆናችኋል።

ሁለተኛው ካሪየር ሴንተሩ ነው። ሲቪ ማስተካከል፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ፣ የሥራ አውደ ርእይ ምዝገባ የሚካሄደው እዚያ ነው። በብዙ ግቢ ወረፋ የሚኖረው የጂሲዎች (የተመራቂ ተማሪዎች) የመጨረሻ ወር ላይ ነው። እናንተ በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት ሂዱ። ያኔ አማካሪው ጊዜ ሰጥቶ ያናግራችኋል።

ሦስተኛው የሥራ ፈጠራ ወይም የኢንኩቤሽን ማዕከሉ፣ ማለትም ጀማሪ ቢዝነስ የሚታገዝበት ቦታ ነው። ለምሳሌ የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቢቴክ የሚባል የራሱ ማዕከል አለው። ከዚህ ጋር የሚያያዘው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። ኤምፕሬቴክ የሚባለውን የስድስት ቀን ሥልጠና ወደ አገራችን ያመጣውም እሱ ነው። ሥልጠናው ስለ ሒሳብ አያያዝ ከማስተማር ይልቅ ሰውዬው ላይ ያተኩራል። ዕድልን ቀድሞ ማየት፣ ቃልን መጠበቅ፣ መረጃ መፈለግ፣ አመዛዝኖ መድፈር። ከጠዋት እስከ ማታ የሚዘልቅ ስለሆነ ፈተና ሳምንት ላይ አትመዝገቡ። ግቢያችሁ መቼ እንደሚሰጥ ማዕከሉን ጠይቁ።

አራተኛው የዲፓርትመንታችሁ የኢንተርንሺፕ አስተባባሪ ነው።

አምስተኛውን ተማሪ ይረሳዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ወርክሾፑና ላብራቶሪው። እዚያ ያለው ቴክኒሺያን የትኛው ማሽን እንደሚሠራ፣ የትኛው ለሁለት ዓመት ተሸፍኖ እንደተቀመጠ፣ ማን ሲፈቅድ እንደሚከፈት ያውቃል። ከእሱ ጋር መተዋወቅ ከአሥር የማነቃቂያ ንግግር ይበልጣል። ሠላምታ ስጡት፣ ስሙን እወቁ፣ ሲያስተካክል ቆማችሁ እዩ።

ከግቢ የሚነሳ ነገር ትንሽ ሆኖ እንደማይቀርም እወቁ። በአገራችን የመጀመሪያው የኢኖቬሽን ማዕከል የሚባለው አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኮሌጅ፣ ልደታ ግቢ ውስጥ ነው። በኋላ ከግቢው ወጥቶ ራሱን ችሏል።

2. የፍሬሽማን ኮርሱን አትጣሉት

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ፕሮግራም ሲመለስ ኢንተርፕረነርሺፕ ሁሉም የሚወስደው የጋራ ኮርስ ሆኗል። አብዛኛው ተማሪ ሞጁሉን ሸምድዶ ያልፈዋል። ያሳዝነኛል። በዚያ ኮርስ የቢዝነስ ፕላን እንደ ግሩፕ አሳይመንት ይሰጣል። ይህን አሳይመንት ከሲኒየር ፍላሽ ላይ ከመገልበጥ ይልቅ ግቢያችሁ ዙሪያ ባለ አንድ እውነተኛ ሥራ ላይ ሥሩት። ከበሩ ውጭ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት በቀን ስንት ገጽ ያትማል? ቀለም ስንት ያወጣል? ኪራዩስ? ባለቤቱን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ትርፍና ወጪ ማለት ምን እንደሆነ ከሞጁሉ በላይ ይገባችኋል፤ ውጤታችሁም አይጎዳም።

ፍሬሽማን ዓመት ያለፋችሁ ከሆነ ሞጁሉን ፈልጉና የወጪ ስሌት ያለበትን ምዕራፍ ብቻ እንደገና አንብቡ። ይበቃል።

3. ከሐሳብ በፊት ችግር፣ ከችግር በፊት ደብዳቤ

"ሐሳብ አለኝ፣ ገንዘብ የለኝም" የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ሐሳቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዶርም ውስጥ የተወለደ ነው፤ የሚገዛው ሰው ገና አልተጠየቀም። ዩኒቨርሲቲው እዚህ ላይ የሚሰጣችሁ ገንዘብ የለውም። የሚሰጣችሁ መግቢያ ነው። መግቢያው ደግሞ ያ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን ጸሐፊዋ እንድትጽፍላችሁ አትጠብቁ። ራሳችሁ ጽፋችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እንዲህ ይጀምራል፦

"ጉዳዩ፦ ለመረጃ ማሰባሰብ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ስማቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲያችን የመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪዎች ሲሆኑ..."

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይጽፈዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጥሎ ባለው መስመር ነው። "አስፈላጊውን ትብብር እንዲደረግላቸው" ብቻ ካላችሁ የተቀበለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "ነገ ኑ" ይላችኋል። ስለዚህ በግልጽ ጻፉት። ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት፣ የምርት ሂደቱን ለማየትና ለሁለት ባለሙያዎች ጥያቄ ለማቅረብ፣ የሚሰበሰበው መረጃም ለትምህርት ዓላማ ብቻ እንደሚውል። የእያንዳንዳችሁን ስምና የመታወቂያ ቁጥር አስገቡ።

ኃላፊው ሲፈርም መዝገብ ቤት ገብታችሁ ቁጥርና ቀን አስወጡ፣ ማኅተም አስደርጉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ብዙ ቦታ አይሠራም። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ፈርሞ ይመልስላችሁ።

ከዚያ የምትጠይቁት "ይህን ብንሠራላችሁ ትገዛላችሁ?" አይደለም። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው በይሉኝታ "አዎ፣ በርቱ ልጆቼ" ይላል። የሚጠቅመው ጥያቄ ያለፈውን የሚጠይቅ ነው። ይህ ችግር መጨረሻ የገጠማችሁ መቼ ነው? ያኔ ምን አደረጋችሁ? ስንት ወጣባችሁ? ሰው ገንዘብ አውጥቶ ለመፍታት ያልሞከረውን ችግር ለእናንተ ብሎ አይከፍልበትም።

4. ኢንተርንሺፕ የሁለት ወር ሰልፍ አይሁን

የምደባ ዝርዝር እስኪለጠፍ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ማንም ያልመረጠው ቦታ ነው። ከአንድ ሴሚስተር በፊት ከትስስር ቢሮው የወሰዳችሁትን ዝርዝር አውጡና ሦስት ድርጅት ራሳችሁ ጠይቁ። አስተባባሪው የተቀባይነት ደብዳቤ ካመጣችሁለት አብዛኛውን ጊዜ ደስ እያለው ይመድባችኋል፤ ሥራ ቀነሳችሁለት።

የገባችሁ ቀን የቅርብ አለቃችሁን አንድ ነገር ለምኑት። "ጊዜ አጥታችሁ ያላያችሁት ችግር ስጡኝ።" የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሆነ የትኛው ማሽን በተደጋጋሚ እንደሚቆም መመዝገብ ሊሆን ይችላል። ባንክ ከሆነ ደንበኛ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ። ጤና ጣቢያ ከሆነ ካርድ ክፍል ወረፋው የሚበዛበት ሰዓት። ትንሽ ችግር ይሁን፤ ግን መለኪያ ይኑረው። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በየቀኑ ቀን ጽፋችሁ ያያችሁትን በአምስት መስመር አስፍሩ። ይህ ደብተር በኋላ ሪፖርታችሁም፣ ሲቪያችሁም፣ ምናልባት ቢዝነሳችሁም ይሆናል።

ስትወጡ ሁለት ወረቀት ለዩ። አንደኛው ድርጅቱ ለዩኒቨርሲቲው የሚልከው የግምገማ ቅጽ ነው፤ እሱ ለውጤታችሁ ነው። ሁለተኛው ለእናንተ የሚሰጥ፣ ምን እንደሠራችሁ በዝርዝር የሚናገር ደብዳቤ ነው። ይህን ሁለተኛውን የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። "በቆይታው መልካም ሥነ ምግባር ነበረው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሥራ አያስገኝም። የሠራችሁትን ነገር ስም ጠርቶ እንዲጽፍላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

5. የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ሼልፍ ላይ አትቅበሩት

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ትልቁ ሀብት እዚህ ስላለ ነው። በመመረቂያ ፕሮጀክት ጊዜ አድቫይዘር አላችሁ፣ ላብ ይከፈትላችኋል፣ ቡድን አላችሁ፣ ጊዜም ተመድቦላችኋል። ውጭ ብትወጡ ይህን ሁሉ በገንዘብ ነው የምትገዙት።

በምሳሌ እንየው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ አራት ልጆች ናችሁ እንበል። ሁለቱ መካኒካል፣ አንዷ ኬሚስትሪ፣ አንዱ አካውንቲንግ። ማንጎ በወቅቱ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ዋጋው ወርዶ የሚበላሸውን አይታችኋል። በፀሐይ የሚሠራ ማድረቂያ ለመሥራት አሰባችሁ። ጥቁር የተቀባ ላሜራ፣ ከላይ መስታወት፣ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ቱቦ። ወርክሾፑ ይበይዳል፤ ቴክኒሺያኑም ያውቃችኋል።

ብዙው ፕሮጀክት እዚህ ላይ ይቆማል። ማድረቂያው ይሠራል፣ ዲፌንስ ይቀርባል፣ ኤ ይገኛል፣ ማሽኑ ወርክሾፑ ጥግ ይቀመጣል። እናንተ ግን አንድ እርምጃ ጨምሩ፤ ሒሳቡን ሥሩት።

10 ኪሎ ማንጎ ገዛችሁ። ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይቀራል። ከዚያ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። በደንብ ሲደርቅ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 1 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ ማንጎ ለማግኘት ሰባት ስምንት ኪሎ ጥሬ መግዛት አለባችሁ። የጥሬውን ዋጋ በዚህ አባዙና ማሸጊያ፣ ትራንስፖርት፣ የሰው ጉልበት ጨምሩበት። የሚወጣው ዋጋ በአርባ ምንጩ ሲቀላ ገበያ ላይ ለሚገዛ ሰው ውድ ነው? ለነጭ ሳርና ለጫሞ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፍበት ሎጅስ ይገዛዋል? አሁን አካውንቲንግ የሚማረው ልጅ ለምን ቡድኑ ውስጥ እንዳስፈለገ ይታያችኋል። ኬሚስትሪ የምትማረዋ ደግሞ በላብ ውስጥ የቀረውን እርጥበት ትለካለች፤ ደረቅ ፍራፍሬ እርጥበቱ ካልወረደ ይሻግታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበሬው ጋ ስትሄዱ ጋሞኛ የሚናገር ልጅ ቡድናችሁ ውስጥ ይኑር። በሌሎች ግቢዎችም እንዲሁ፤ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ አባል ከምርጥ ፓወርፖይንት ይበልጣል። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምረነዋል፤ ደንበኛው ግን በእንግሊዝኛ አይገዛም።

ምግብ ነክ ከሆነ ሳትጠነቀቁ ወደ ሽያጭ አትግቡ። ምግብ አምርቶ ለመሸጥ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነው። እስከዚያው ግን ማስቀመስና የቃል ሳይሆን የጽሑፍ ትዕዛዝ መያዝ ትችላላችሁ። አንድ የሎጅ ኃላፊ "ፈቃድ ስታወጡ በወር 5 ኪሎ እወስዳለሁ" ብሎ ከፈረመላችሁ ከየትኛውም የውድድር ሰርተፊኬት የሚበልጥ ወረቀት ያዛችሁ።

ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲው ላብና በጀት የተሠራ ነገር የማን ነው? ይህን ከዲፌንሱ በኋላ ሳይሆን ፕሮጀክቱ ሲጀመር አድቫይዘራችሁን ጠይቁት፤ ግቢው የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲ ካለው ጽሑፉን አይታችሁ ተስማሙ። በፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ከፓተንት ሌላ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል ጥበቃ አለ። ነባር ነገርን ላሻሻለ፣ አነስ ላለ ፈጠራ የሚሰጥ ነው። የተማሪ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመጥነው ለዚህ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሳታመለክቱ ዝርዝር ሥዕሉን ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ።

6. መጀመሪያ ደንበኛ፣ ከዚያ ውድድር

ውድድር ጥሩ ነው። ብሩህ የሚባለው የቢዝነስ ሐሳብ ውድድር አለ፤ ሐልት ፕራይዝ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ውድድርም በየግቢው ዙር ያካሂዳል። መድረክ ላይ መናገርን ያስተምራችኋል፣ ሰው ያስተዋውቃችኋል። ግን ከውድድር ወደ ውድድር እየዞሩ ቲሸርትና ሰርተፊኬት የሰበሰቡ፣ አንድም ነገር ያልሸጡ ጎበዝ ልጆች አሉ። ያንገበግበኛል፤ ጉልበታቸው ዳኛን በማስደሰት ያልቃል። የእኔ ምክር በዓመት ከአንድ በላይ ውድድር አትግቡ፣ የምትገቡትም ደንበኛ ካናገራችሁ በኋላ ይሁን የሚል ነው።

ኢንኩቤሽን ማዕከል ስትገቡም እናንተም ጠይቁ። ለስንት ወር ነው? የምንጠቀምበት ማሽን ወይስ ወንበርና ዋይፋይ ብቻ ነው ያለው? የሚያማክረን ሰው ራሱ ነግዶ ያውቃል? ከድርሻችን የሚወሰድ አለ? ማታና ቅዳሜ ክፍት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን ተማሪ ቀን ክላስ ነው። 2:30 ከፍቶ 11:00 የሚዘጋ ማዕከል ለተማሪ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ የማታ ሰዓቱን ከዶርም መግቢያ ሰዓትና ከመንገዱ ደኅንነት ጋር አስተያዩት፤ ካልተስማማ የስብሰባ ሰዓቱን ለውጡ እንጂ እነሱን አታስቀሩ።

ይህን የሚያነብ መምህር ወይም የማዕከል ኃላፊ ካለ አንድ ልመና አለኝ። "ይህን ያህል ተማሪ አሠልጥነናል" የሚለውን ሪፖርት ለጊዜው ተዉትና ከሁለት ዓመት በፊት ካሠለጠናችኋቸው ስንቱ ዛሬም እየሸጠ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የማዕከሉ እውነተኛ ውጤት ያ ነው።

7. ወረቀቱን በሰዓቱ

ንግድ ፈቃድ ለማውጣት አትቸኩሉ። ፈቃድ ካወጣችሁ በየዓመቱ ማደስ አለባችሁ፣ ባትሸጡም ለግብር ማስታወቅ አለባችሁ። ይህን ያልሰማ ተመራቂ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ፈቃድ ሊመልስ ሲሄድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ገዢ ስታገኙ አውጡ።

ሲደርስ ምርጫው ይህ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ የግል ነጋዴ ሆናችሁ መመዝገብ ቀላሉ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ድሮ ለዚህ ሲባል ብቻ ወንድምን ወይም እናትን በስም ሸሪክ ማድረግ የተለመደ ነበር። አሁን አያስፈልግም። ለሁለትና ከዚያ በላይ ሰው መደበኛው ኃ/የተ/የግ/ማኅበር አለ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ምዝገባው ኢ-ትሬድ በሚባለው የንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ይጀመራል። የፋይዳ መታወቂያ ገና ካላወጣችሁ ቀድማችሁ አውጡ።

ከዶርም ጓደኛ ጋር የምትጀምሩ ከሆነ ድርሻችሁን ዛሬውኑ ጻፉት። ማን ስንት በመቶ፣ አንዱ ተቀጥሮ ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል፣ የሚፈርመው ማን ነው። "እኛማ ወንድማማች ነን" ማለት ውል አይሆንም። ግቢያችሁ የሕግ ትምህርት ቤት ካለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉን ጠይቁ፤ ረቂቁን የሚያይላችሁ ሰው ይኖራል።

ለገንዘብ ብዙ ሰው የሚያስበው ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ወይም መኪና በዋስትና ይጠይቃል። ማሽን የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የካፒታል ዕቃ ሊዝን ተመልከቱ። አከራዩ ድርጅት ማሽኑን ይገዛል፣ እናንተ ቅድሚያ የተወሰነ ታዋጣላችሁ፣ እየሠራችሁ ትከፍላላችሁ። ክፍያው እስኪያልቅ ማሽኑ የአከራዩ ስለሆነ ራሱ እንደ ዋስትና ያገለግላል። በወረዳችሁ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ስለ ሊዙም፣ ስለ መሥሪያ ሼድም ይነግራችኋል። እዚያ ስትሄዱ የፈረመውን የሎጅ ኃላፊ ወረቀትና የላቡን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።

8. ተቀጥራችሁ መሥራት ከሆነ ፍላጎታችሁ

ሁሉም ሰው ነጋዴ መሆን የለበትም። መቀጠርን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ንግግር እየበዛ ነው፤ አልስማማበትም። ጥሩ መሐንዲስ፣ ጥሩ ነርስ፣ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ መቀጠር ክብር ነው። ብዙ ጠንካራ ቢዝነስም የተነሳው ሥራውን በቅጥር ከተማሩ ሰዎች ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ መመረቅ አይቻልም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ካሪየር ሴንተር የምትሄዱበትን ጊዜ ከፈተናው ዝግጅት ጋር አታጋጩት። ሲቪውን ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት ጨርሱ።

ሲቪው ላይ "ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም" የሚለውን አጥፉት። ሁሉም ሰው ጽፎታል። በምትኩ ከኢንተርንሺፕ ደብተራችሁ አውጡ። "በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልምምድ አድርጌያለሁ" ከማለት፣ "ለሁለት ወር የሽመና ማሽኖችን የመቆም ሰዓት መዝግቤ፣ ተደጋግመው የሚቆሙትን ከነምክንያታቸው ለጥገና ክፍሉ አቅርቤያለሁ" በሉ። ሲቪው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻችሁ ጻፉት። ምን እንደሠራችሁ በራሳችሁ ቋንቋ መናገር ካልቻላችሁ በእንግሊዝኛም ባዶ ቃል ነው የሚሆነው።

ደረጃ የሚባለው የተመራቂዎች ፕሮግራም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የሥራ ክህሎት ሥልጠናና የሥራ አውደ ርእይ ያዘጋጃል፤ ግቢያችሁ ሲመጣ ተመዝገቡ። አውደ ርእይ ላይ ሲቪ በትኖ መመለስ ጥቅም የለውም። አራት ድርጅት ብቻ ምረጡ፣ ስለ ሥራቸው ቀድማችሁ አንብቡ፣ ጠረጴዛው ጋ ለቆመው ሰው አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ፣ ስሙን ይዛችሁ ማታውኑ ኢሜይል ጻፉለት።

"0 ዓመት" የሚል ቫካንሲ ስታዩ ደግሞ ተረጋግታችሁ አንብቡ። ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም ወይም ለሥልጠና ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚያስልክ ማስታወቂያ ሥራ አይደለም። ትክክለኛ ቀጣሪ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ አይሰበስብም። ከተጠራጠራችሁ ስሙ ወደተጠራው ድርጅት በመደበኛ ስልኩ ደውሉ፣ ወይም ካሪየር ሴንተሩ እንዲያጣራላችሁ ጠይቁ።

9. የክሊራንስ ሳምንት

በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰው ፎቶና ጋውን ላይ ነው። እናንተ ግን ግማሽ ቀን ለእነዚህ ስጡ።

የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሊዘጋ ስለሚችል በእሱ የተላላካችሁትን፣ ድራይቭ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሁሉ ወደ ግል አካውንታችሁ አውርዱ። የላብ ውጤታችሁ ላይ የላብ ኃላፊው እንዲፈርምበት አድርጉ፤ ያለ ፊርማ ውጭ ላይ አይታመንም። ሁለት መምህራንን ለምስክርነት ስማቸውን መስጠት እንደምትችሉ ፊት ለፊት ጠይቁ፣ የምትፈልጉት ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነም ንገሯቸው።

ፕሮጀክታችሁን የምትቀጥሉ ከሆነ ወርክሾፑን ከምረቃ በኋላ ለተወሰኑ ወራት መጠቀም እንድትችሉ በትስስር ቢሮው በኩል የጽሑፍ ስምምነት ጠይቁ። ሁሉም ግቢ አይፈቅድም። ግን ተማሪ እያላችሁ፣ አድቫይዘራችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ስትጠይቁ የመፈቀድ ዕድሉ ይሰፋል።

ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ስትወስዱ የወጪ መጋራት ውላችሁን ቅጂ አብራችሁ ያዙ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ አሠሪው ከደመወዛችሁ ይቆርጣል፤ የራሳችሁን ከጀመራችሁ ደግሞ ክፍያውን ራሳችሁ ገቢዎች ሄዳችሁ መጀመር አለባችሁ። ኦሪጅናል ዲግሪው ከዚህ ዕዳ ጋር ስለሚያያዝ ብዙ ወጣት ነጋዴ ለጨረታ ወይም ለውጭ ትምህርት ዲግሪው ሲያስፈልገው ነው ነገሩን የሚያስታውሰው። ቀድማችሁ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁና ከወጪ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

ከምረቃ በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የተመራቂዎች ክትትል ጥናት ብሎ ሊደውልላችሁ ይችላል። ሥራ ባትይዙም ስልኩን አንሱ። የትኛው ኮርስ እንደጠቀማችሁ፣ የትኛው ላብ ተዘግቶ እንደነበር፣ ሥራ ለማግኘት ስንት ወር እንደፈጀባችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ካሪኩለም ሲከለስ የሚታየው ይህ መልስ ነው። ቁጥራችሁን ከቀየራችሁም ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ አዲሱን ላኩላት።